ሰሙ ከሰሚው ቤት፤ ሥራን ለሰው ስለ ማስረዳት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚነሣው ከመቄት ወረዳ ርእሰ ከተማ ከፍላቂት ነው። ፍላቂትን ያላየ አድማጭ ቢኖር፣ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ የሚዘልቀውን፣ ቻይናውያን መሐንዲሶች ያወጡትን መንገድ ይዞ ሲጓዝ፣ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት፣ ነፋሱ በማያርፍበት ደጋ ላይ የሚያገኛት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ፣ በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ በአንዲት እናት ቤት የሰማሁት አጭር ጥያቄ ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ምክንያት ሆነኝ።

ልጂቱ ለበዓል ከአዲስ አበባ መጥታለች። እናትዋ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ ቡና ትቆላለች፤ ልጂቱም በጉልበቷ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። እናት ምጣዱን እያወዛወዘች፣ ቀና ሳትል፣ እንዲህ አለች፦ «ልጄ፣ በማኅበሩ ቀን ሴቶቹ ‹ልጅሽ ምን ትሠራለች?› ይሉኛል። ‹ቢሮ ነው የምትሠራው› እላቸዋለሁ። ‹ቢሮ ምን?› ሲሉኝ ግን ዝም ነው። እስቲ አንድ የምለውን ነገር ስጪኝ።» ልጂቱም «ሶፍትዌር ነው የምሠራው እማዬ፤ ለኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ» ብላ መለሰች። እናትየው ቡናውን አንድ ጊዜ ካገላበጠች በኋላ፣ «እሱንማ አምናም ነግረሽኛል» አለችና ዝም አለች። ልጂቱም ዝም አለች፤ ምስሩን ግን መልቀሟን አላቆመችም።

አድማጮች ሆይ፣ ይህ ዝምታ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እናቲቱ የጠየቀችው ማወቅ ስላማራት ብቻ አልነበረም፤ ልጇን ለማስተማር የከፈለችውን ድካም ፍሬ ለጎረቤት የምታሳይበት አንድ ቃል አጥታ ነው። ልጂቱም የመለሰችው በንቀት አይደለም፤ የምታውቀውን ሥራ በእናትዋ ቤት ውስጥ በሚገኝ ቃል የመናገር ልማድ ስላልነበራት ነው። በሁለቱ መካከል ፍቅር ሞልቶ ሳለ ቃል ጎድሎ ተገኘ። እንግዲህ ሥራን ለሰው ማስረዳት ስለምን እንዲህ ይከብዳል፣ ሳይገለጥ የቀረ ሥራስ ምን ጉዳት ያመጣል፣ መድኃኒቱስ ከወዴት ይገኛል የሚሉትን ሦስት ነገሮች በተራ እንመልከት።

አያቶቻችን ይህ ችግር እንደ እኛ አልበዛባቸውም። የገበሬው ሥራ በሬው፣ ሞፈሩና ዕርፉ ስለሚናገሩለት አፍ አያስፈልገውም ነበር፤ ሸማኔውም ከጉድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲሰድድ የሚያየው ሕፃን ሳይቀር ማታ ጋቢ እንደሚሆን ያውቃል፤ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስታቦካ፣ ጋኑን ስታቆምና በእሳት ስታበስል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥራዋ በዐይን ይታያል። መሣሪያውና ፍሬው በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው፣ ሠራተኛው ዝም ቢልም ሥራው ራሱ ይመሰክርለታል። በዘመናችን ግን የሥራው መጀመሪያ በአንድ አገር፣ ፍሬው በሌላ አገር ሆነ፤ ደግሞም ብዙው ሥራ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ከላይ ሲታይ ዕረፍት የሚመስል ሆነ። ዐይን ሊመሰክር በማይችልበት ስፍራ የሚቀረው ምስክር አንደበት ብቻ ነው፤ አንደበትም ካልተለማመደ ይተሳሰራል።

ዐይን ያላየውን ሥራ የሰው ልብ ባዶውን አይተወውም፤ በአድናቆት ወይም በጥርጣሬ ይሞላዋል። በላስታ ምድር የምንኖር ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ትውፊት ለዚህ ያስተምረናል። የቅዱስ ላሊበላ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ አለት ሲፈለፈሉ፣ ሰዎች በቀን የሠሩትን ያህል መላእክት በሌሊት ይጨምሩ እንደ ነበር አባቶች ነግረውናል። ይህን ትውፊት ለመንካት አልተነሣሁም። ነገር ግን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ ያ አለት ከጣራው ተጀምሮ ወደ መሠረቱ መወረዱን፣ ስሕተት ቢገኝ ደግሞ ድንጋዩን መልሶ ማስቀመጥ የማይቻል መሆኑን ሲያስብ፣ እነዚያ ጠራቢዎች በአእምሮአቸው የያዙትን ልክና ሥርዓት የሚነግረን ጽሑፍ አለመቅረቱ ሳያሳዝነው አይቀርም። የእጃቸው ሥራ ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል፤ የአሠራራቸው ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ተቀብሯል።

ያልታወቀ ሥራ ሁልጊዜ እንዲህ በአድናቆት አይከበርም፤ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ስድብ ነው፤ የመጀመሪያው ጉዳትም ይህ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ያ አዋጅ የዘመኑን ስድቦች አንድ በአንድ እየጠራ የሚገሥጽ ነው፤ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ የሚጽፈውም ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበርና። በተለይ የመጨረሻውን እንመርምረው። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ የሚጽፍ ሰው ስለ ምን ጠንቋይ ተባለ? ንባብ የማያውቅ ሰው ያን ጥቁርና ቀይ ምልክት ባየው ጊዜ ምን እንደሚል ሳያውቅ፣ ነገር ግን ኀይል እንዳለው በማየቱ ነው፤ አንዲት ክርታስ ከአገር ወደ አገር ሄዳ ሰው ስታስር፣ ሰው ስታስፈታ፣ ርስት ስትሰጥ ያያል፤ እንዴት እንደምትሠራ ግን የነገረው የለም። የማይታወቅ ኀይል የሚያስፈራ ነው፤ የሚያስፈራውንም ሰው በስድብ ይከላከለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በአዋጅ ስድቡን ከለከሉ፤ ስድቡን የወለደውን አለማወቅ ግን አዋጅ ብቻውን ሊያርቀው አይችልም፤ እርሱን የሚያርቀው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ የሥራውን ወሰን ያላስረዳ ሰው የሌላ ሥራ የሚጫንበት መሆኑ ነው። ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ቤት የተላኩ ወንጌል ሰባክያን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወደ አገራችን ሲመጡ፣ ተግባረ እድ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀመጧቸው። እነርሱ ራሳቸውን የሚያውቁት በስብከታቸው ነበር፤ ንጉሡ ግን አገራቸውን ከጠላት የሚጠብቁበት መድፍ ይሹ ነበርና፣ በእነዚህ ሰዎች እጅ ውስጥ ያዩት መጽሐፉን ሳይሆን መዶሻውን ነው። መድፍ መሥራት ትምህርታችን አይደለም ማለታቸው አልረዳቸውም፤ እየሞከሩ፣ እየወደቁ፣ እየተነሡ በመጨረሻው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በእጅ ሥራ በወጣ መንገድ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከደብረ ታቦር በጋይንት፣ በዋድላ፣ በጅጣ ሸለቆ፣ በደላንታና በበሽሎ አድርጎ መቅደላ ወጣ። ይህ ታሪክ ያለፈበት አገር ከፍላቂት ሩቅ አይደለም። ንጉሡ የተጨነቁበትን ነገር ማንም አይነቅፍም፤ ነገር ግን ሥራ ሰጪ ሁሉ ሠራተኛውን የሚያየው በራሱ ችግር መስኮት መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ «አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለም? ይህንንም አንተው ሥራው» የሚባል ብዙ ሰው አለ።

ሦስተኛው ጉዳት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ይኸውም ፍሬው ክፉ ነገር አለመምጣቱ የሆነ ሥራ ምስጋና ማጣቱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ነገር አስቡ። መንግሥት በ1995 ዓ.ም. በጀመረው በዚህ ሥራ፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ልጆች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። እንዲህ ያለችው ልጅ በመቄት አምባና ቆላ፣ ዳገት ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ፣ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ነፍሰ ጡር እናት ክትትል ታስተምራለች። የገባችበት ቤት ሽማግሌ «ማንም ሳይታመም የምትመጪ፣ አንቺ ምን ዓይነት ሐኪም ነሽ?» ቢላት ምን ትመልስ? ያልታመመው ሕፃን ወደ እርስዋ መጥቶ «ስላልታመምሁ አመሰግንሻለሁ» አይላትም። ወገሻ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን ይታያል፤ ይህች ልጅ ግን የምትሠራው በሽታው ወደ ቤቱ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ሥራዋ በሰመረ መጠን ማስረጃዋ ይጠፋል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። የብሔራዊ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በአገራችን በልዩ ልዩ ስፍራ በተተከሉ ጣቢያዎች የሚሠራ የዝናብ ተመልካች አለ። ጠዋት በ3 ሰዓት አጥሩን ከፍቶ ይገባል፤ በቆመው ጣሳ ውስጥ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመውን ውኃ መስመር በተሰመረበት ብርጭቆ ይቀዳል፤ ብርጭቆውን ወደ ዐይኑ ትክክል አንሥቶ ውኃው የደረሰበትን መስመር ያነባል፤ በቅጹም ላይ ይጽፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ካነበበ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወርዷል ማለት ነው። ምንም ሳይዘንብ ከዋለና ካደረም ዜሮ ብሎ ይጽፋል፤ ዜሮውም ሥራ ነው። ከአጥሩ ውጭ ከብት የሚነዳው ገበሬ ግን ይህን ሰው ሲያይ፣ «ደመወዝ የሚበላው ጣሳ ለማየት ነውን?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ገበሬ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ወሎ በ1965ና በ1966፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን የረኀብ ዘመን የሚያስታውስ ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። የበልጉ ዝናብ መዘግየቱንና የክረምቱም ማጠሩን በቁጥር ይዞ «ዘንድሮ ያሰጋል» ብሎ አስቀድሞ ለማስታወቅ የሚቻለው፣ ያ ሰው ለዓመታት በየጠዋቱ የጻፋቸው ቁጥሮች ሳይቋረጡ ሲገኙ ነው። ያ ቁጥር የሰው ነፍስ አለበት፤ ማንም ያላስረዳው ጎረቤት ግን የሚያየው ጣሳውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ችግሩንና ጉዳቱን ካየን፣ መድኃኒቱ ከወዴት ይመጣል? እኔ እንደማስበው ከሩቅ አገር መሻት አያስፈልገንም፤ መድኃኒቱ ያለው በመቄት ጎረቤት በዋድላ ነው። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከሦስቱ የታወቁ የቅኔ ቤቶች አንዱ መሆኑን የማያውቅ የአብነት ተማሪ የለም። በዚያ የሚማር የቅኔ ተማሪ ጠዋት ከመምህሩ ምሥጢር ከሰማ በኋላ «ቅኔ ቆጠራ» ይወጣል፤ ይኸውም ለምዱን ደርቦ ከጽድ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ለብቻው ተቀምጦ፣ ቃሉን ከቃሉ፣ ምሥጢሩን ከምሥጢሩ፣ ዜማውን ከልኩ ጋር እያስማማ የራሱን አዲስ ቅኔ መፍጠሩ ነው። የትናንቱን መድገም አይፈቀድለትም፤ የሌላውንም መውሰድ ነውር ነው። ከሩቅ ሆኖ በግ የሚጠብቅ እረኛ ያን ተማሪ ባየው ጊዜ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ ተኝቶ የሚቃዥ ሰነፍ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የዚያን ልጅ ያህል በአእምሮው የሚያርስ ሰው በአካባቢው ላይገኝ ይችላል። ማታ በመምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔውን ሲነግር፣ የሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቢሆን እንኳ፣ የቀኑ ሥራ በአንድ ትንፋሽ ይገለጣል።

ዛሬ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የምትውለው የፍላቂት ልጅ የዚህ ተማሪ እኅት ናት። እርሱ በለምዱ ውስጥ፣ እርስዋ በወንበሯ ላይ፣ ሁለቱም ተቀምጠው የሚሠሩ፣ ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ ሥራ ፈት የሚመስሉ ናቸው። የቅኔ ቤት ግን ከዚህም በላይ የሚያስተምረን አለው፤ እርሱም ሰምና ወርቅ ነው። የቅኔ ሊቅ ረቂቁን ወርቅ ለአድማጩ ሊሰጥ ሲፈልግ ራቁቱን አውጥቶ አይወረውርበትም፤ አስቀድሞ አድማጩ የሚያውቀውን፣ ያየውንና የዳሰሰውን ነገር ሰም አድርጎ ያቀርብለታል። እርሻውን፣ ሠርጉን፣ እንግዳውን፣ እሳቱን ያነሣለታል፤ አድማጩም በሚያውቀው ነገር ተማርኮ ሲከተል፣ ሰሙ ይቀልጥና ወርቁ ይቀርለታል። ሥራን ለሰው የማስረዳት ጥበብ ሁሉ በዚህ ውስጥ ተጠቃልሏል። ወርቁ የአንተ ሥራ ነው፤ ሰሙ ግን ከሰሚው ቤት መወሰድ አለበት። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ሰሙንም ወርቁንም ከራሳችን ቤት ስለምናመጣ ነው። «ሲስተም»፣ «ዳታ»፣ «ፕሮጀክት»፣ «ኤክስፐርት» የሚሉ ቃላት ለሥራ ባልደረባ ምቹ ናቸው፤ ለእናት ግን በተቆለፈ ሣጥን ላይ የተጨመረ ሌላ ቁልፍ ናቸው። የሥራ መደብ ስም የሥራ ማስረጃ አይደለም፤ ስሙን የሰማ ሰው ሥራውን የሰማ ይመስለዋል እንጂ ያወቀው ነገር የለም።

ከዚህ ተነሥቼ ለአድማጮቼ ሦስት ምክሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ንግግራችሁን ከሰሚው ጭንቀት ጀምሩ። የዝናብ ተመልካቹ ለዚያ ገበሬ ስለ ሚሊ ሜትር ከመናገሩ በፊት «ዘንድሮ በልጉ ምን ያህል ቀረብህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ገበሬው ራሱ በጣቱ እየቆጠረ የጠፉትን ቀኖች ይነግረዋል፤ ያን ጊዜ «እኔም የምጽፈው ይህንኑ ነው፤ አንተ በልብህ የያዝኸውን እኔ በወረቀት እይዘዋለሁ፤ የዛሬ 20 ዓመት ልጅህ አምና ካቻምናን ከዛሬ ጋር ሊያስተያይ ሲፈልግ ያገኘዋል» ቢለው ሥራው ተረዳ። ሁለተኛ፣ ሥራችሁን በጠቅላላው አትንገሩ፤ አንድ ቀኑን ንገሩ። ጠዋት ምን ከፈታችሁ፣ ማን ጠራችሁ፣ ምን ተበላሸ፣ በምን ተቃና ብላችሁ ብትተርኩ፣ ሰሚው የራሱን ቀን ከእናንተ ቀን ጋር ያስተያያል። ሦስተኛ፣ እናንተ ባትኖሩ የሚጎድለውን አመልክቱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለዚያ ሽማግሌ «አባባ፣ ድሮ በዚህ መንደር በኩፍኝ የሞተ ልጅ አልነበረም?» ብትላቸው፣ ሽማግሌው የሞቱትን ሕፃናት በስም እየጠሩ ይቆጥሩላታል። ከዚያ በኋላ መርፌው ስለ ምን ሕፃኑ ጤነኛ ሳለ እንደሚወጋ ሌላ ሐተታ አያሻቸውም።

አሁን ወደ ፍላቂቷ ቤት ልመልሳችሁ። ቡናው ተወቅጦ፣ ጀበናው ተጥዶ ሳለ፣ ልጂቱ ምስሩን አኖረችና እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ጠላ ጠምቃ የማታውቅ ልጅ ብትቀጥሪና አንቺ ሳትኖሪ ጠላ እንድትጠምቅልሽ ብትፈልጊ ምን ትያታለሽ?» እናትየው ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ የምታውቀው አገር ነውና። «ጋኑን አጥበሽ በወይራ እጠኚ፤ ጌሾውን ጠንስሺ፤ ብቅሉን ጨምሪ፤ ከዚያ እንኩሮውን አንኩረሽ ደፍድፊ» አለች። ልጂቱም «እንኩሮውን ትኩሱን ልጨምረው?» ብላ ጠየቀች። «ውይ! በርዶ ነው እንጂ! ትኩሱን ከጨመረችውማ ጥንስሱን ታበላሸዋለች።» «አልነገርሻትም እኮ እማዬ። እሷ ደግሞ የተነገራትን ብቻ የምታደርግ፣ አንድም ነገር ከራሷ የማትጨምር ልጅ ናት። ደከመኝ አትልም፣ አትሰርቅም፣ ሌሊት ቢሆን ቀን ቢሆን ትሠራለች፤ ግን ‹ሲበርድ› የሚለውን ካልነገርሻት ትኩሱን ትጨምረዋለች። ኮምፒውተር ማለት ያቺ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ የምሠራው፣ አንድም ቃል ሳይጎድል፣ ምን በምን ተከትሎ እንደሚሠራ እየጻፍሁ ለእሷ መንገር ነው። በስልክ ገንዘብ ስልክልሽ ሒሳቡ ከእኔ ተቀንሶ አንቺ ዘንድ የሚደርሰው፣ እንደኔ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ቅደም ተከተሉን ስለ ጻፈላት ነው። አንዲት ቃል ብትጎድል ከእኔ ወጥቶ አንቺ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።»

እናትየው ጥቂት ዝም ብላ አሰበች። ይህ ዝምታ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም። «እንግዲያስ ያደክማል» አለች በመጨረሻ፤ «ጠላ መጥመቅ ይቀላል፤ ለማያውቅ ሰው አንድ ሳያስቀሩ መንገር ነው የሚከብደው።» አድማጮቼ፣ የልጂቱን ሥራ ከዚህ አጥርቶ የተናገረ ትርጓሜ በመጽሐፍም ፈልጌ አላገኘሁም። እናቲቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ሰሙ ከቤትዋ በመጣላት ጊዜ ወርቁን ያወጣችው ራስዋ ናት።

ከዚህም የምንረዳው፣ ሥራችንን ያልተረዱልን ሰዎች አእምሮ አንሷቸው አለመሆኑን ነው። «ሕዝቡ አይገባውም» የሚል የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሕዝቡ ሳይሆን ስለ ራሱ አንደበት ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን በብዙ ድካም አስተምረውናል፤ አንዱ ጥማድ በሬውን ሸጦ፣ አንዷ ጥሎሿን ሸጣ ለደብተርና ለመሳፈሪያ ከፍለዋል። ያንን የከፈለ ሰው ልጁ የደረሰበትን ስፍራ በቃል እንኳ እንዲጎበኝ መብት አለው፤ ሥራን ማስረዳትም ትሕትና ብቻ ሳይሆን ዕዳ ነው። በሌላው በኩልም የጠያቂው ፈንታ አለ። «ምን ትሠራለህ?» ብለን ጠይቀን፣ መልሱ ሲረዝም ወደ ሌላ ወሬ መሻገር የጨዋ ልማድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ጠይቀን ካልገባን «እንዴት?» ብለን ሁለተኛ መጠየቅ፣ ያንን ሰው ማክበር ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ከሩቅ የመጣ ልጅ ወይም የመጣች እኅት በቤታችሁ ብትኖር፣ ዛሬ ማታ ከምድጃው ዳር «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልህ?» ብላችሁ ጠይቁና እስከ መጨረሻው ስሙ። በቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደጃችሁን ስታንኳኳ፣ ውኃ አቅርባችሁ ስለ ሥራዋ አነጋግሯት። በሰፈራችሁም የዝናብ መለኪያ ያለበት አጥር ካለ፣ ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ከብታችሁን ጥቂት አቁማችሁ፣ በብርጭቆው ላይ ያነበበውን ቁጥር ጠይቁት።